የኦህዎሩ ጭምብል የሙታን ነው?

«የናይጄሪያው የኡርሆቦ ሕዝብ የኦህዎሩ በዓል ጭምብል የሞቱ አያቶችን ነው የሚወክለው? ከፎቶው ሥር ምን ልጻፍ?» ላልሽው፦ አይደለም። የውሃ መንፈስ ነው። «የውሃ መንፈስ ጭምብል፣ የኦህዎሩ በዓል፣ ኤቭሬኒ፣ ዴልታ ግዛት፣ ናይጄሪያ» ብለሽ ጻፊ፣ ይበቃል።

ያምታታሽ ኤጉንጉን ይመስለኛል። እሱ የሌላ የናይጄሪያ ሕዝብ፣ የዮሩባዎች ነው። እዚያ ከራስ እስከ እግሩ በጨርቅ ተሸፋፍኖ የሚወጣው በእርግጥም የአያቶች መንፈስ ነው። ኢንተርኔት ላይ ግን የናይጄሪያ ጭምብል ሁሉ ኤጉንጉን ሆኗል፣ ምን ታደርጊዋለሽ።

ኡርሆቦዎች መንፈስንና ሙታንን በስም ይለያሉ። መንፈስ «ኤጆ» ነው፤ የውሃው ደግሞ «ኤጆራሜ» ይባላል፣ «አሜ» ውሃ ማለት ነውና። የሙታኑ ዓለም ሌላ ነው፣ «ኤሪቭዊን» ይሉታል። ኤጆን «ቆሌ» ብለሽ ብትተረጉሚው ይቀርባል፤ እኔ ግን ቃሉን እንዳለ እተወዋለሁ። አገሩ የኒጀር ዴልታ ነው፣ ወንዝና ረግረግ። የውሃ መንፈስ ጭምብል በጎረቤቶቻቸው በኢጆዎችም ዘንድ አለ፤ ኦህዎሩ ላይም የእነሱ ተጽዕኖ ይታያል።

አንድ ነገር ተጠንቀቂ። እኔ አንዴ ሙዚየም ውስጥ ያነሳሁትን የእንጨት ቅርጽ «ጭምብሉ ይሄ ነው» ብዬ ለጥፌ ታርሜአለሁ። እንጨቱ ጭንቅላት ላይ የሚደረገው ክፍል ብቻ ነው። ገላን የሚሸፍነው ልብስ፣ ከበሮው፣ ዘፈኑ፣ ጭፈራው የሙዚየሙ የመስታወት ሳጥን ውስጥ የሉም። ያንቺም ፎቶ ከሙዚየም ከሆነ «የጭምብል የራስ ቅርጽ» በዪው።