ጋምቢያ ለምን እንደ ጣት ቀጠነች?

ጥያቄ፦ መምህር፣ ጤና ይስጥልኝ። ልጄ 9ኛ ክፍል ናት። ጂኦግራፊ ላይ የሀገራትን ቅርጽ እየተማሩ ነው። ጋምቢያን ካርታ ላይ አይታ “እማዬ፣ ይሄ ሀገር ነው ወይስ ወንዝ?” አለችኝ። መልስ አጣሁ። እንዲህ ያለውን ድንበር ማን አሰመረው? የሀገር ቅርጽስ ለነዋሪው ምን ለውጥ ያመጣል?
አንዲት እናት፣ ከሐዋሳ

መልስ፦ እህቴ፣ ልጅዎን ጎሽ በሉልኝ። ጥያቄዋ ውስጥ መልሱ አለ። ጋምቢያ ወንዙ ነው። ግራና ቀኙ ላይ ትንሽ ትንሽ መሬት ተጨምሮበት ሀገር ሆነ።

30 ዓመት ጂኦግራፊ አስተምሬያለሁ። ጋምቢያን የምስላት ጠመኔውን አጋድሜ ሰሌዳው ላይ አንዴ በመጎተት ነበር። “ረጅምና ቀጭን ቅርጽ፣ ምሳሌ፦ ጋምቢያ።” ተማሪው ይጽፋል፣ ፈተና ላይ ይመጣል፣ በቃ። በዚያ መስመር ላይ ስለሚኖረው ሰው ብዙም አላወራሁም። አሁን ይቆጨኛል። ስለዚህ ዛሬ ረዘም ላድርገው።

በመጀመሪያ የመስመሩ ነገር። (ዓመቶቹ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።) እንግሊዞች የወንዙን አፍ ይዘው ነበር። ዛሬ ባንጁል የምትባለዋን ከተማ በ1816 እዚያ ቆረቆሩ። ዙሪያው ግን በፈረንሳይ እጅ ገባ። ወንዙን በሌላ ግዛት እንለዋወጥ ብለው ተደራደሩ፣ አልሆነም። በመጨረሻ በ1889 ፓሪስ ላይ ተስማሙ። ከወንዙ በሰሜንም በደቡብም 10 ኪሎ ሜትር ገደማ ለእንግሊዝ፣ የቀረው ለፈረንሳይ። የመርከብ መድፍ ተተኩሶ ጥይቱ የወደቀበት ድንበር ሆነ ሲባል ይሰማል። እሱ ተረት ነው። ካርታውን አጉልተው ቢያዩ ግን ተረቱ ከየት እንደመጣ ይገባዎታል። በተለይ ወደ ምሥራቅ፣ ወንዙ በታጠፈ ቁጥር ድንበሩም አብሮት ይታጠፋል።

ከዚህ የተገኘችው ሀገር ስፋቷ 11,300 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ደሴቶቹን ትተን፣ ከአፍሪካ ትንሿ ናት። ሴኔጋል በሦስት ወገን ከባታለች። ማንዲንካ፣ ዎሎፍ፣ ፉላ የሚባለው ሕዝብ ከመስመሩ ወዲህም ወዲያም አለ። የአንድ ቤተሰብ ልጆች ወዲህ ያለው በእንግሊዝኛ፣ ወዲያ ያለው በፈረንሳይኛ ይማራሉ። ሲገናኙ ግን “ናንጋ ዴፍ?” ይባባላሉ፣ እንዴት ነህ ማለት ነው በዎሎፍ። ጋምቢያ ነፃ በወጣችበት በ1965 መኪኖቿን ከግራ ወደ ቀኝ መስመር አዛወረች። ጎረቤቷ ሁሉ በቀኝ እየነዳ ምን ታድርግ?

አሁን ዋናው ነገር። ቅርጹ የጎዳው ጋምቢያን ብቻ አይደለም፣ ሴኔጋልንም ጭምር ነው። ካዛማንስ የሚባለው የደቡብ ክፍሏ ከዋና ከተማዋ ከዳካር ተቆርጦ ቀረ። የካዛማንስ ከተማ ከሆነችው ከዚጊንሾር በየብስ ወይም በባሕር ዳካር ለመሄድ ሦስት ምርጫ ነበር። በጋምቢያ አቋርጦ ማለፍ፣ ማለትም ሁለት ኬላና አንድ ጀልባ። ወይም በምሥራቅ በታምባኩንዳ ዞሮ መሄድ። ወይም በባሕር። ወንዙ ዳር የጭነት መኪኖች ተራ ሲጠብቁ ቀናት ያልፉ ነበር። ፍራፍሬ የጫነ ሹፌር ያንን እንዴት እንደሚችለው ያስቡት። “ተረስተናል” የሚለው ስሜትም አደገ። በ1982 የተነሣው የመገንጠል ትግል ብዙ ምክንያት አለው፣ ይህ ርቀት ግን አንዱ ነው።

በባሕር የሚሄዱትስ? ጆላ የምትባል መርከብ ዚጊንሾርንና ዳካርን ታገናኝ ነበር። የተሠራችው 580 ለሚያህል ሰው ነው። ሴፕቴምበር 26 ቀን 2002 ሌሊት ከጋምቢያ የባሕር ዳርቻ ፊት ለፊት ማዕበል ገለበጣት። ከ1,800 በላይ ሰው አለቀ። የተረፉት 64 ናቸው። ከሞቱት ብዙዎቹ ወደ ዳካር ትምህርት ቤት የሚመለሱ ልጆች ነበሩ። ጥፋቱ ከልክ በላይ መጫኑ ነው፣ ይህን ካርታ ላይ ማላከክ አይገባም። ግን ያ ሁሉ ሰው ለምን መርከብ ላይ ወጣ ብንል፣ አንዱ መልስ 1889 የተሰመረው መስመር ነው።

ሁለቱ ሀገሮች በ1982 ሴኔጋምቢያ የሚል ኮንፌዴሬሽን (እያንዳንዱ ሀገርነቱን ሳይተው የሚገባበት ጥምረት) መሥርተው ነበር፣ በ1989 ፈረሰ። በጥር 2019 ደግሞ ፋራፌኒ አጠገብ ወንዙ ላይ ድልድይ ተከፈተ። ዜናውን ስሰማ ከልቤ ነው ደስ ያለኝ። ድንበሩ እዚያው ነው፣ ኬላውም አለ። መኪናው ግን ጀልባ አይጠብቅም።

ዛሬ ማታ ከልጅዎ ጋር ካርታና ክር ይዘው ይቀመጡ። ክሩን መጀመሪያ ከዚጊንሾር በፋራፌኒ አድርገው ዳካር ያድርሱት። ከዚያ በታምባኩንዳ ያዙሩት። የሁለቱን ልዩነት ልጅዎ በራሷ ማስመሪያ ትለካ። ያገኘችውን ብትጽፍልኝ በሚቀጥለው ዕትም አወጣዋለሁ።