ጽሑፌ ስለምን ተመለሰ?

ጥያቄ፦ የዶክትሬት ተማሪ ነኝ። ጽሑፌን የላክሁለት መጽሔት አዘጋጅ ስለ ግኝቱ አንድም ቃል ሳትል «እንግሊዝኛው ይስተካከል» ብላ መለሰችልኝ። ለሁሉም አንባቢ በነፃ ክፍት በሆነ መጽሔት እንዳላሳትም ደግሞ ጸሐፊው የሚጠየቀው ክፍያ ከአቅሜ በላይ ነው። እናት መሆኔስ ወደ ኋላ ያስቀረኝ ይሆን?

መልስ፦ ችግሩ የእርስዎ ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2023 በፕሎስ ባዮሎጂ መጽሔት የታተመና በ8 አገሮች 908 የአካባቢ ሳይንስ ተመራማሪዎችን የጠየቀ ጥናት፣ እንግሊዝኛ አፍ መፍቻቸው ያልሆነ ተመራማሪዎች በአጻጻፍ ሰበብ ጽሑፋቸው ውድቅ የሚደረግበት መጠን ከሌሎቹ በ2.5 እጥፍ ገደማ እንደሚበልጥ አሳይቷል። ሰዋስውን ከግኝት ለይቶ የማይመዝን ገምጋሚ፣ በእኔ እምነት፣ ሥራውን በከፊል ትቷል።

የ2002ቱ የቡዳፔስት መግለጫ ምርምር ለአንባቢ በነፃ እንዲደርስ ቢጠይቅም፣ በብዙ መጽሔቶች ወጪው ከአንባቢ ወደ ጸሐፊ ዞሯል፤ ኔቸር የተባለው የሳይንስ መጽሔት ከ2021 ጀምሮ ለአንድ ጽሑፍ 9,500 ዩሮ ተምኖ ነበር። ስለዚህ ከመላክዎ በፊት ከክፍያ ነፃ እንዲያደርጉዎ መጽሔቱን ይጠይቁ፤ ከአንባቢም ከጸሐፊም የማያስከፍሉ መጽሔቶችም አሉ።

ስለ እናትነትዎ፦ በ2020 የኮቪድ እገዳ ልጆች ቤት በዋሉበት ወቅት የሴቶች ጽሑፍ አቅርቦት በብዙ ዘርፎች ከወንዶች ያነሰ ዕድገት ማሳየቱ፣ ጫናው የችሎታ ሳይሆን የጊዜ መሆኑን ይጠቁማል።