መኪናውን ከፍ ከማስደረግህ በፊት ከሥሩ ግባ፦ የአንባቢዎች ጥያቄና መልስ

ክረምት ሲቃረብ የሚደርሱኝ ጥያቄዎች ይመሳሰላሉ። ሰው ያገለገለ ኦል ዊል ድራይቭ (አራቱም ጎማ በሞተር የሚነዳ) መኪና ይገዛል። ከዚያ ከጅማ ወደ ጌራ፣ ቦንጋ፣ ጨበራ ጩርጩራ ፓርክ ለመውጣት ምን ልጨምርባት ይላል። የነዳጅ የቤት መኪና ከውጭ ማስገባት ከቆመ ወዲህ ደግሞ አብዛኛው ሰው ያለው አማራጭ በእጁ ያለችውን አሮጌ መኪና ማዘጋጀት ነው። ስለዚህ ወደ ጥያቄዎቹ።

ጅማ ሄርማታ ሠፈር ያለ ወጣት በፈረንጆች 2004 የተሠራች ራቭፎር ገዝቷል። በእጁ ያለው ብር ወይ መኪናዋን 5 ሳንቲ ሜትር ከፍ ለማስደረግ ወይ ትልልቅ ጎማ ለመግዛት ይበቃል። የቱ ይቅደም?

ሁለቱም አይቅደሙ። መኪናዋ 20 ዓመት ያለፋት ናት። መጀመሪያ ጋራዥ ውሰዳትና ከመካኒኩ ጋር ከሥሯ ግባ። ጎሚኒዎቹ (የእግሩ መጋጠሚያ ላስቲኮች) ተሰነጣጥቀዋል? ሾክ አብዞርበሩ ዘይት ያፈሳል? የሲቪ ጆይንቱ (ጉልበት ወደ ጎማው የሚያደርሰው መጋጠሚያ) ላስቲክ ተቀዶ ግራሱ ዙሪያውን ተረጭቷል? የፍሬን ቱቦዎቹ ደርቀዋል? ራዲያተሩስ? ሰው ጫካ ውስጥ የሚያድረው በእነዚህ ምክንያት ነው እንጂ መኪናው ዝቅ ስላለ አይደለም። እንደውም የደከመ እግር ላይ 5 ሳንቲ ሜትር ስትጨምርበት ሲቪ ጆይንቱ በማይመቸው ማዕዘን ይዞራል፣ ቶሎም ይበላል። መኪናው ከፍ ባለ ቁጥር ደግሞ ጎን ለጎን ያዘነበለ መንገድ ላይ ለመገልበጥ ይቀርባል።

ይህን ሁሉ አድሰህ ብር ከተረፈህ ጎማ ግዛ። ግን ትልቅ አይደለም፤ ፋብሪካው ያዘዘው ልክ ሆኖ ጥርሱ ኦል ቴሬን የሚባለው፣ ለአስፋልትም ለጭቃም የሚሆነው ዓይነት። ጅማ ከባሕር ወለል ከ1,700 ሜትር በላይ ናት። ቱርቦ የሌለው ሞተር በየ1,000 ሜትሩ ከጉልበቱ አንድ አስረኛ ያህል ያጣል። በዚህ ላይ ትልቅ ጎማ ስትጭንበት ማርሹ ይከብደዋል፣ ዳገት ላይ ጭቃ ውስጥ ስታጮኸው ፍሪሲዮኑ ይቃጠላል። ፍጥነት መቁጠሪያውም ትክክለኛውን አያሳይህም።

ራቭፎር ይሻላል ወይስ ግራንድ ቪታራ?

ሎው ማርሽ (ለዳገትና ለጭቃ በዝግታ ብዙ ጉልበት የሚሰጥ ተጨማሪ ማርሽ) ያለው ግራንድ ቪታራ ካገኘህ እሱን ያዝ።

አጋሮ ያለ ቡና ነጋዴ የኦል ዊል ድራይቭ መኪናው የኋላ ሁለት ጎማዎች አልቀውበታል። ጎሚስታው «ሁለት አዲስ ከኋላ እንግጠም፣ የፊቶቹ ገና ናቸው» ብሎታል። ችግር አለው?

አለው፣ ወንድሜ። በሁለት ጎማ ለሚነዳ መኪና ምክሩ ልክ ነው። ላንተ መኪና ግን አይሆንም። አዲስ ጎማና ያለቀ ጎማ ስማቸው አንድ ቁጥር ቢሆንም ዙሪያቸው እኩል አይደለም። ያለቀው ብዙ ይዞራል፣ አዲሱ ትንሽ። ከፊትና ከኋላ መካከል ጉልበት የሚያካፍለው ክፍል ይህን ልዩነት እንደ መንሸራተት ይቆጥረዋል፤ አስፋልት ላይ በሰላም እየሄድክ እሱ ሳያርፍ ይሠራል፣ ይግላል፣ በመጨረሻም ይሞታል። አንተ የምታውቀው ጭቃ ውስጥ ገብተህ የኋላው አልዞር ሲልህ ነው። የዚያን ዕቃ ዋጋ ስትጠይቅ የአራት ጎማ ብር ቀላል ይሆንልሃል።

አራቱንም ባንድ ጊዜ፣ አንድ ዓይነት፣ አንድ ልክ ግዛ። በየ10,000 ኪሎ ሜትሩ ገደማ የፊቱን ወደ ኋላ እያዟዟርክ እኩል እንዲያልቁ አድርግ። ተጠባባቂውም ጎማ ልኩ ከአራቱ ጋር አንድ ይሁን፤ ያቺ ቀጭኗ ትርፍ ጎማ ከጌራ አታወጣህም።

ጣራ ላይ ረጅም የኤልኢዲ መብራት ላስገጥም?

ከፊት ለፊት የሚመጣውን ሾፌር ታሳውራለህ። የፊት መብራትህን መስታወት አስወልውልና አምፖሉን ቀይር፣ ይበቃሃል።

ፈረንጅ አራዳ የሚኖሩ ሁለት ጓደኛሞች ስኖርክል (ሞተሩ አየር ከጣራ ከፍታ እንዲስብ የሚያደርግ ቱቦ) አስገጥመው በክረምት ጎጀብን በመኪና መሻገር ይፈልጋሉ።

አይሆንም። ጎጀብ በክረምት በመኪና የሚሞከር ወንዝ አይደለም፤ ድልድይ አለ፣ በድልድዩ ሂዱ። የሚወርድ ውኃ 30 ሳንቲ ሜትር ከደረሰ ትንሽ መኪና ሊያነሳ ይችላል፣ 60 ከደረሰ አብዛኛውን መኪና ይወስዳል። ስኖርክል ይህን አይለውጥም። እሱ የሚሠራው አንድ ነገር ነው፤ ሞተሩ ከአየር ጋር ውኃ እንዳይስብ ያደርጋል። ሞተር ውኃ ከጠጣ ፒስተኑ ሊጨምቀው ስለማይችል የውስጡ ዘንግ ይጣመማል፣ ሞተሩ እዚያው አለቀ ማለት ነው። ስኖርክሉ ራሱ ከፊልትሮው ጋር አየር በማያስገባ ሁኔታ ካልታሰረ ደግሞ ጌጥ ነው።

ለትንንሽ ጅረቶች የሚጠቅመው ብዙ ሰው የማያየው ነገር ነው። ዲፈረንሻል (ጉልበቱን ለግራና ለቀኝ ጎማ የሚያካፍለው የጥርስ ሳጥን) የሚተነፍስበት ትንሽ ቀዳዳ አለው። የጋለ ዲፈረንሻል ቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ ሲገባ አየሩ ይሸማቀቅና በዚያ ቀዳዳ ውኃ ይስባል። በርካሽ ቱቦ ቀጥላችሁ ወደ ኮፈኑ ውስጥ ከፍ አድርጉት። ከውኃ በኋላ ዘይቱን አሳዩ፤ ወተት ከመሰለ ቶሎ ይቀየር።

ጭቃ ላይ የጎማ ንፋስ ስንት ይሁን?

አስፋልት ላይ 30 ወይም 32 ፒኤስአይ ከሆነ ጭቃ ላይ ወደ 20 አውርደው። ቀስ ብለህ ንዳ፣ መሪ በድንገት አትጠምዝዝ። አስፋልት ከመውጣትህ በፊት መልሰህ ሙላ፤ ለዚህ በባትሪ የሚሠራ ትንሽ መንፊያ ያዝ። ሳትሞላ አስፋልት ላይ ከበረርክ ጎማው ግሎ ይፈነዳል።

አንዲት መምህርት ከጓደኞቿ ጋር ነሐሴ ላይ ወደ ጌራ ሲሄዱ መኪናቸው እስከ ሆዱ ጭቃ ገባ። የሠፈሩ ልጆች ተሰብስበው ገፉ፣ አልወጣም። አይሱዙ መጣና ካቦ ከፓራውልቱ ጋር አስረው ሳቡት። ፓራውልቱ ተገነጠለ፣ ካቦው ተፈናጥሮ በአንድ ልጅ ጆሮ ሥር አለፈ። «አሁን ፓራውልቱ ላይ ጠንካራ መጎተቻ ላስበይድ ነው፣ ስንት ሚሊ ብረት ይሁን?» ትላለች።

እህቴ፣ ልጁ በመትረፉ እግዚአብሔር ይመስገን። የብረቱን ውፍረት ግን አልነግርሽም፤ ፓራውልት ላይ የሚበየድ ምንም መጎተቻ እንዲኖርሽ አልፈልግም።

እስከ ሆዱ ጭቃ የገባ መኪና ለመውጣት ከራሱ ክብደት የበለጠ ጉልበት ሊጠይቅ ይችላል። ያ ሁሉ ጉልበት በተወጠረው ካቦ ውስጥ ተጠራቅሞ ይቆያል። ካቦው ወይም የታሰረበት ነገር ሲላቀቅ የተበጠሰው ብረት እንደ ጥይት ይሄዳል። የሚመታው ደግሞ ብዙ ጊዜ ሾፌሩን አይደለም። ቆሞ የሚያየውን ልጅ ነው፤ ሊረዳችሁ ከእርሻው የመጣውን ሰው ነው። እኛ ለመዝናናት ወጥተን በሌላ ሰው ልጅ ላይ ይህን አደጋ ማምጣት የለብንም።

ስለዚህ ከፓራውልት፣ ከተጎታች ኳስ፣ ከመሪ ዘንግ ጋር በፍጹም አይታሰር። ከመኪናው ጋር የሚመጣው በጥርስ የሚገባ ቀለበትም ደልዳላ መንገድ ላይ ለመጎተት ነው፣ ከጭቃ ነቅሎ ለማውጣት አይደለም። ያንቺ ዓይነት መኪና እንደ ፒክአፕ ለብቻው የቆመ ሻንሲ የለውም፤ አካሉ ራሱ ነው ሻንሲው። ቀጭን ላሜራ ላይ መበየድ አደጋውን ይጨምራል። ለመኪናሽ ሞዴል የተሠራ፣ የሚችለው ክብደት የተጻፈበት መጎተቻ በብሎን ይታሰራል። ይህን የሚያስር ሰው አካሉ የትኛው ቦታ ላይ እንደሚሸከም የሚያውቅ የአውቶሞቲቭ ባለሙያ መሆን አለበት። የሠፈር በያጅ አይሁን። በዚህ አልደራደርም።

እስከዚያው መኪናሽ ውስጥ የሚኖረው አካፋ ነው። ገና መንሸራተት ሲጀምር ነዳጅ መስጠት አቁሚ፤ ባጮህሽው ቁጥር ትሰምጫለሽ። ከጎማዎቹ ፊትና ከሆዱ ሥር ያለውን ጭቃ አውጪ፣ ንፋስ ቀንሺ፣ ድንጋይ ወይም ጣውላ ሥሩ አስገቢ። የሰው ቡና ቅርንጫፍ አትቁረጪ። ግማሽ ሰዓት ከተቆፈረ ብዙ ጊዜ መጎተትም አያስፈልግም። ካስፈለገ የጨርቅ ማሰሪያ፣ በቀስታ፣ ሳይነጥር። ከመጎተቱ በፊት ሰው ሁሉ የማሰሪያውን ርዝመት አንድ ተኩል እጥፍ ይራቅ። ልጆቹን አንቺው ራስሽ አርቂያቸው፣ ሌላ ሰው እስኪያደርገው አትጠብቂ። ማሰሪያው መሐል ላይ ከባድ ጃኬት ወይም አፈር የተሞላ ከረጢት ጣሉበት፤ ቢበጠስ ወደ መሬት ያወርደዋል። ለደከሙት ልጆችም ተገቢውን ክፈሉ።

አንድ ነገር ልጨምር። ያ መንገድ የገበሬው ነው። ከባድ ዝናብ በዘነበ ማግስት ገብተን የምንቆፍረው ቦይ ቡና ጫኙን አይሱዙ ያስቀራል፣ ወላድ የያዘውን አምቡላንስም ያስቀራል። ቀይ አፈር ፀሐይ ካገኘ ባንድ ሁለት ቀን ይጠነክራል። ጠብቁት። ጫካው የትም አይሄድም።

ፖርቶመጋላ ላይ ድንኳን፣ ትርፍ ጎማና ጄሪካን ብጭን ቦሎ ይከለክለኛል?

ከቦሎው በፊት የሚያሳስበው ክብደቱ ነው። የአብዛኞቹ ትንንሽ መኪኖች ጣራ ፖርቶመጋላውን ጨምሮ ከ100 ኪሎ በላይ አይችልም፤ የመኪናህን መመሪያ እይ። ቀለም፣ ሞተር ወይም አካል የምትቀይር ከሆነ ግን አስቀድመህ ትራንስፖርት ቢሮ ጠይቅ።

ቆጪ የሚኖሩ አንድ አባት ጣራው ላይ ሙሉ ጭነት አድርገው የግቤን ቁልቁለት ሲወርዱ ፍሬኑ ይሸታል፣ ፔዳሉም ይለሰልሳል። ቅዳሜ ከቤተሰብ ጋር ወደ አዲስ አበባ ሊሄዱ ነው።

ጋሼ፣ ይህ መኪና ሳይታይ እንዳይሄዱ። ያረጀ የፍሬን ዘይት ከአየር እርጥበት ስቦ ይይዛል፤ ሲግል ይፈላና ፔዳሉ ባዶ ይሆናል። ዘይቱ ይቀየር፣ ሸራና ዲስኩ ይታይ፣ የጣራው ጭነት ይቀነስ። ቁልቁለቱን ሲወርዱ ከመነሻው ከባድ ማርሽ (እንደ ሁለተኛ ያለ ዝቅተኛውን) አስገብተው ሞተሩ ይያዝልዎት፣ ፍሬኑን ረግጠው አይቆዩ። መካኒኩ እስከ ዓርብ ካልጨረሰ ቅዳሜ በአውቶቡስ ይሂዱ።