ከትርፉ ሳይሆን ከአዳሩ ጠይቁ

ጥያቄ፦ ሰላም እንዴት ናችሁ አዘጋጆች፣ ምጽፍላችሁ ከጅማ ነው። ቤተሰቦቼ ሸቤ በኩል በለጠ ጌራ ጫካ ጥግ ነው ሚኖሩት፣ አባቴ የደን ማህበሩ የዋቡብ አባል ነው፣ እኛን ያሳደገን ጫካ ቡናና ማር ነው። አሁን አንድ ባለሀብት መጥቶ ጫካው ውስጥ ለቱሪስት ስምንት የቅንጦት ድንኳን ልትከል፣ አልጋና ሙቅ ሻወር ያለው፣ ልጆቻችሁን አስጎብኚ አድርጌ እቀጥራለሁ፣ ከትርፉም 20 ፐርሰንት እሰጣችኋለሁ ብሎ ሽማግሌዎቹን አናገራቸው። እነሱ ደስ ብሏቸዋል። እኔ ቱሪዝም ስለተማርኩ አንቺ እይልን ብለው ረቂቅ ውሉን ሰጡኝ፣ ምኑን ልይ? (ስሜ ይቆይ፣ ጅማ)

መልስ፦ እህቴ፣ ከመፈረማቸው በፊት ላንቺ መስጠታቸው ትልቅ ነገር ነው። እኔ ብሆን መጀመሪያ ምሰርዘው “ትርፍ” ሚለውን ቃል ነው። ትርፍ ማለት የሰራተኛ ደሞዝ፣ የመኪና ነዳጅ፣ የአዲስ አበባው ቢሮ ኪራይ፣ የባንክ ወለድ ሁሉ ተቀንሶ ሚቀረው ነው፣ ሂሳቡን ሚሰራው ደግሞ ራሱ ባለሀብቱ ነው፣ እና አምስት አመት ሙሉ “ዘንድሮም አልተረፈንም” ቢላችሁ በምን ትከራከራላችሁ? ከአዳር ላይ ጠይቁ። እንግዳ አንድ ሌሊት ባደረ ቁጥር ከከፈለው ላይ ይሄን ያህል ለማህበሩ፣ አተረፈም ከሰረም። 20 ፐርሰንቱ ወደ 10 ወይ ወደ 8 ቢወርድ እንኳን ይሻላል ባይ ነኝ፣ ምክንያቱም አዳር አባትሽም ይቆጥረዋል፣ ማታ ስንቱ ድንኳን ውስጥ መብራት እንደበራ ከሩቅ ይታያል።

ይሄ ከሌላ አገር የታየ ነገር ነው። ናሚቢያ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1996 የተከፈተው ዳማራላንድ ካምፕ ከቶራ ማህበረሰብ ጋር ሲዋዋል ከአልጋ ገቢው 10 ፐርሰንት ለነሱ እንዲሆን፣ ስራውም ቅድሚያ ለአካባቢው ልጆች እንዲሆን ነው የተስማማው። ኬንያ ላይኪፒያ ያለው ኢል ንግዌሲ ደግሞ በዛው አመት ነው የተከፈተው፣ እሱ ጭራሽ ሎጁ ራሱ የማሳዮቹ ነው። ስለዚ ከአዳር ላይ ይከፈለን ማለት ነውር አይደለም፣ ባለሀብቱ ሰምቶት ማያውቅ ነገርም አይመስለኝም።

መሬቱ ላይ ደግሞ ረጋ በሉ። በህገ መንግስቱ አንቀጽ 40 መሬት አይሸጥም አይለወጥም፣ በለጠ ጌራ ደሞ የመንግስት ደን ነው፣ ሚያስተዳድረው የኦሮሚያ ደንና ዱር እንስሳት ኢንተርፕራይዝ ነው፣ ዋቡቦቹ ደኑን ሚጠብቁትና ሚጠቀሙት በስምምነት ነው። ስለዚ ሽማግሌ በግሉ ቢፈርም ዋጋ የለውም፣ እንዳይፈርሙም ንገሪያቸው። ማህበሩ በስሙና በማህተሙ ይፈርም፣ ኢንተርፕራይዙም አብሮ ይግባበት። የደን አዋጁ፣ አዋጅ ቁጥር 1065/2010፣ ለማህበረሰብ ደን እውቅና ስለሰጠ እሱንም ይዛችሁ የህግ ባለሙያ አማክሩ።

አሁን ደግሞ “ለእንግዶች ፀጥታ ሲባል” ሚል አንቀጽ ካለ ፈልጊ። ብዙ ቦታ ቁምነገሩ የተቀበረው እዛ ውስጥ ነው። ቱሪስት በብዛት ሚመጣው ዝናቡ ካቆመ በኋላ ነው አይደል፣ ቡናው ሚቀላውም ከጥቅምት እስከ ታህሳስ ነው፣ ሁለቱ አንድ ላይ ነው ሚመጡት። እናቶች ቅርጫት ይዘው በለመዱት መንገድ ሲያልፉ ዘበኛ “በዚ ማለፍ ክልክል ነው” ቢላቸው የትኛው ደሞዝ ነው ሚክሳቸው? መንገዱ፣ ቡናው ያለበት ቦታ፣ ቀፎ የተሰቀለበት የቀረሮና የዋንዛ ዛፍ ሁሉ በካርታ ላይ ይሰመር፣ የካምፑ ክልል እዚህ ድረስ ተብሎ ይጻፍ። በዛ ላይ ልጆቹ ሁሉ ካምፕ ውስጥ ከተቀጠሩ ቡናውን ማን ይለቅማል? በፈረቃ እንዲሆን ከአሁኑ ተነጋገሩበት።

አንድ ያየሁትን ልንገርሽ፣ ስሙን ሳልጠራ። እንዲህ ያለ ካምፕ አድሬ አውቃለሁ፣ ድንኳኑ ያምራል፣ አንሶላው ነጭ ነው፣ ውጪ ቡናው ቅርንጫፉ ላይ ቀልቶ ይታያል፣ ቁርስ ላይ የቀረበልን ግን ከፓኬት ሚበጠበጥ ቡና ነበር። ከሰአት አንድ አባት በገመድ ዛፍ ላይ ወጥተው ቀፎ እንዲያሳዩን ተደረገ፣ እድሜያቸው ከ60 ያለፈ ይመስለኛል፣ ሲወርዱ እጃቸው በገመዱ ተልጦ ነበር፣ ስንት ተከፈለዎት ብዬ ብጠይቃቸው እንግዳ ሚሰጠኝ ጉርሻ ነው አሉኝ። እስካሁን ያበሽቀኛል። ቱሪስት እኮ ያን ሁሉ ብር ከፍሎ ሚመጣው ለአልጋው ብሎ አይደለም፣ አልጋ አገሩም አለው፣ ጫካ ቡና፣ ጉሬዛ፣ ከገተማ ዛፍ አበባ ሚገኝ ማር፣ ከአባቶች አፍ ሚሰማ ታሪክ ፈልጎ ነው። ስለዚ ቡናውና ማሩ ከማህበሩ በተቆረጠ ዋጋ ይገዛ፣ ዛፍ ላይ ሚወጣና ታሪክ ሚያወራ ሰው ክፍያው በቀን ይጻፍለት፣ ቢወድቅ ሚያሳክመው ማን እንደሆነም ይጻፍ።

ውሉን በአፋን ኦሮሞም አስጽፉትና ማህበሩ ተሰብስቦ ባለበት ጮክ ብለሽ አንብቢው፣ ሴቶቹም ይኑሩ። ከዛ በፊት ግን ድንኳኑ ሊተከል የታሰበበትን ቦታ ከእናትሽ ጋር ሄዳችሁ እዩት። ስምንት ሻወርና ስምንት ሽንት ቤት ሚያወጣው ቆሻሻ ወደየት እንደሚወርድና ሰው ከየትኛው ምንጭ እንደሚቀዳ ከሷ በላይ ሚያውቅ የለም።