ተማሪዎቹ አለፉ፣ መምህሩ ቀረ

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። ጀርመን ሂሳብ አስተምራለሁ፣ ፓስፖርቴ አሁንም የኢትዮጵያ ነው። አምና 10ኛ ክፍሎችን ከአንዲት ባልደረባዬ ጋር ሆነን በባስ ለንደን ወሰድናቸው። ቪዛዬን በጊዜ ስላወጣሁ ምንም ሃሳብ አልነበረኝም። ወደ እንግሊዝ የሚሻገሩባት የፈረንሳይ ወደብ ካሌ ስንደርስ ገና ሳይነጋ ሁላችሁም ውረዱ ተባለ፣ ልጆቹ ፓስፖርታቸውን እያሳዩ ሽው ሽው እያሉ አለፉ፣ እኔ ጋ ሲደርስ እንግሊዛዊው ፖሊስ አገላብጦ አገላብጦ የጀርመን መኖሪያ ካርድህስ አለኝ። ካርዱ ሻንጣዬ ውስጥ፣ ሻንጣዬ ደሞ ከሁሉም ሻንጣ ስር! ሹፌሩ እያጉረመረመ የክፍሉን ሻንጣ በሙሉ አስፋልት ላይ ዘረገፈው። የልጆቹ ሃላፊ ማነው ሲባል እኔ ነኝ ብል ሰውየው ዝም ብሎ ያየኛል፣ በመጨረሻ አንዲት ተማሪዬ ተመልሳ መጥታ "አዎ የኛ መምህር ነው" ብላ መሰከረችልኝ፣ ልጄ በምትሆን ልጅ ዋስትና እንግሊዝ ገባሁ በለው። ጀልባዋ እስከዛ ሄዳለች። በሚቀጥለው ተሻግረን ደሞ ሹፌሩ ሰዓቴ ሞላ ብሎ መንገድ ዳር ማረፊያ ላይ ገትሮን ለሽ አለ።

ለንደን ላይ የምድር ባቡሩ በር ግማሾቻችንን አስገብቶ ግማሾቹን ውጭ ትቶ ተዘጋ። ቪክቶሪያና አልበርት ሙዚየም ውስጥ ደሞ የመቅደላው የወርቅ ዘውድ ፊት ቆሜ ስቀር ልጆቹ ጠፉብኝ፣ አጠገቤ የቀረው አንዱ ብቻ ነው፣ እሱም "ይሄ የናንተ አይደል እንዴ፣ ለምን አትወስዱትም?" ይለኛል። አሁን ርእሰ መምህሩ ዘንድሮም አንተ ውሰዳቸው እያለኝ ነው። እምቢ ብል ፈራ ይሉኛል፣ እሺ ብል ደሞ ካሌ ትዝ ይለኛል። ምን ትመክሪኛለሽ?
(ሂሳብ አስተማሪው፣ ከጀርመን)

መልስ፦ ወንድሜ፣ ሻንጣው አስፋልት ላይ ሲዘረገፍ እያሰብኩ ስቄያለሁ ይቅርታ አድርግልኝ፣ የልጅቷን ምስክርነት ሳነብ ግን ሳቄ ቆመ። ሂድ ነው የምለው፣ ግን እንደ አምናው ተዘጋጅቶ ያለቀ ጉዞ ላይ አትሳፈር። የናንተ ጉዞ የተበላሸው ካሌ ላይ አይደለም፣ ስብሰባው ላይ ነው፣ ለንደን እንሂድ ተብሎ ሲጨበጨብ በዚህ ክፍል ማን ምን ፓስፖርት አለው ብሎ የጠየቀ ሰው አልነበረማ። እንደምገምተው አንተም ዝም ብለሃል፣ ምክንያቱም እኛ ሰዎች በኔ ምክንያት የልጆቹ ፕሮግራም እንዳይበላሽ እንላለን፣ ከዛ የራሳችንን ቪዛ በራሳችን ብር ለብቻችን ስንሯሯጥ እንከርማለን።

ደሞ ጣጣው ያንተ ብቻ አይደለም። እንግሊዝ ሼንገን ውስጥ፣ ማለትም በመካከላቸው የድንበር ፍተሻ ባስቀሩት የአውሮፓ ሃገራት ውስጥ፣ ኖራ አታውቅም፣ ከአውሮፓ ህብረት ከወጣች ወዲህ ደሞ ከጥቅምት 1 ቀን 2021 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የጀርመን ልጅ በመታወቂያ ብቻ አይገባም፣ ፓስፖርት ይዞ ነው፣ ድሮ ትምህርት ቤቶች የሚጠቀሙበት የተማሪዎች ስም ዝርዝርም ያኔውኑ ቀርቷል። ከሚያዝያ 2025 ወዲህ ደሞ አውሮፓዊውም ኢቲኤ የሚባለውን ፈቃድ በኦንላይን ከፍሎ ማውጣት አለበት። ክፍልህ ውስጥ የሶሪያ ወይ የኤርትራ ፓስፖርት ያለው ልጅ ካለ፣ የስደተኛ ፓስፖርት የያዘም ቢሆን፣ ቪዛ ይጠየቃል። በ2023 መጨረሻ ለፈረንሳይ ትምህርት ቤቶች ነገሩን አቅልለውላቸዋል፣ ጀርመንም በሐምሌ 2025 ከእንግሊዝ ጋር በፈረመችው ውል የትምህርት ቤት ጉዞ ጉዳይ ተነስቷል፣ ስለዚህ አሁን ምን ላይ እንደደረሰ ትምህርት ቤቱ ያጣራ። ይሄ ሁሉ ግን ስለ ተማሪ ነው፣ ያንተ የኢትዮጵያ ፓስፖርት ያው ቪዛውን ይፈልጋል። የጀርመን መኖሪያ ካርድህ እንግሊዝ አያስገባህም፣ የሚጠቅምህ ወደ ጀርመን እንደምትመለስ ለማሳየት ነው፣ ሰውየው የጠየቀህም ለዚህ ይመስለኛል። ስለዚህ ካርድና ፓስፖርት ኪስ ውስጥ፣ የደረት ኪስ፣ ሻንጣ የሚባል ነገር አይነካቸውም! ከነሱ ጋር በእንግሊዝኛ የተጻፈ፣ ማህተም ያለው፣ የቡድኑ መሪ አንተ እንደሆንክ የሚል የትምህርት ቤቱ ደብዳቤ ያዝ፣ ያኔ ምስክር ሆና የምትቆም ልጅ አያስፈልግህም። ባልደረባህም ካንተ ጋር ትቁም እንጂ ልጆቹን ተከትላ ሄዳ ባስ ውስጥ አትቀመጥ፣ ይሄን ከመነሳታችሁ በፊት ተነጋገሩ።

ሹፌሩን ተወው በናትህ፣ ሰነፍ ሆኖ አይደለም። ህጉ ነው፣ አራት ሰዓት ተኩል ከነዳ 45 ደቂቃ ማረፍ አለበት፣ በቀን 9 ሰዓት ነው የሚነዳው፣ 10 የሚፈቀድለት በሳምንት ሁለቴ ብቻ ነው፣ ይሄን የሚመዘግብ መሳሪያ መኪናው ላይ አለ፣ ካለፈ የሚቀጣው እሱና ድርጅቱ ነው። ካሌ ላይ ያለፈባችሁ ጊዜ ደሞ አስተኝቶት አልነበረም፣ ሻንጣ ሲያወርድ ሲጭን ነበር፣ ያ ደሞ እረፍት ተብሎ አይቆጠርለትም። ጎግል ማፕ ስንት ሰዓት ይፈጃል እንዳለ አይታችሁ ፕሮግራም ካወጣችሁ ሁልጊዜ መንገድ ዳር ትቀራላችሁ፣ ሰዓቱን ከሹፌሩ ጋር ቁጭ ብላችሁ አስሉ፣ ሂሳብ አስተማሪ አይደለህ?

ለምድር ባቡሩ አንዲት ህግ ትበቃለች፣ ባቡር ውስጥ የገባ ቀጣዩ ጣቢያ ላይ ወርዶ ይቆማል፣ የቀረው በሚቀጥለው ባቡር ይደርስበታል። ማንም ወደ ኋላ አይመለስም፣ አንተም ጭምር፣ አለበለዚያ ሙሉ ቀን ስትተላለፉ ትውላላችሁ።

ዘውዱ ጋ መቆምህን ግን እንዳትጸጸትበት። ልጁ የጠየቀህ ጥያቄ ከጉዞው ሁሉ የተሻለው ጥያቄ ነው፣ እንግሊዞች በ1868 እ.ኤ.አ. መቅደላን ወርረው አፄ ቴዎድሮስ ከሞቱ በኋላ የዘረፉትን ብራናና ንዋየ ቅድሳት ዛሬም ለንደን ላይ ነው የምናየው፣ ብሪቲሽ ሙዚየም ያሉት ታቦቶች እንኳን ለህዝብ አይታዩም፣ የተቀመጡት መጋዘን ውስጥ ነው። ዘንድሮ ከሄዳችሁ ሾልከህ አትቁም፣ ፕሮግራም ውስጥ አስገባውና ግማሽ ሰዓት ለክፍሉ በሙሉ አስረዳ፣ ያኔ ማንም አይጠፋብህም።

ገንዘቡን በተመለከተ፣ የጀርመን ከፍተኛ የስራ ፍርድ ቤት በ2012 እ.ኤ.አ. ተቀጣሪ መምህርን የጉዞ ወጪህን ራስህ ቻል ብሎ አስቀድሞ ማስፈረም ተገቢ እንዳልሆነ ወስኗል፣ ስለዚህ የቪዛውንም ወጪ ሂሳብ ውስጥ አስገብተህ ጠይቅ፣ አትፈር። ሁሉም ነገር ከከበደ ደሞ ማልታን አቅርብላቸው። እንግሊዝኛ ይናገራሉ፣ ሼንገን ውስጥ ናት፣ በመኖሪያ ካርድህና በፓስፖርትህ ትገባለህ፣ ባህርም አላት። አየርላንድ ካሉህ ግን እሷም ሼንገን አይደለችም፣ ያው ሌላ ቪዛ ነው።

ጥያቄ፦ እኔ ደሞ እናት ነኝ፣ እዛው ጀርመን። ልጄ ያላት ዱልዱንግ ነው፣ መኖሪያ ፈቃድ ሳይሆን ከሃገር መባረሩ ለጊዜው ለቆመለት ሰው የሚሰጥ ወረቀት፣ ክፍሏ ፈረንሳይ ሊሄድ ነው፣ መምህሯ ከወጣች አትመለስም ስላለች ብታስቀሪያት ይሻላል አለችኝ። ልጅቷ እያለቀሰች ነው።

መልስ፦ እህቴ፣ መምህሯ ግማሹን ነው ያወቀችው። ዱልዱንግ የያዘ ሰው ዝም ብሎ ከሃገር ከወጣ ወረቀቱ ይወድቃል፣ ይሄ እውነት ነው፣ በፍጹም እንዲሁ እንዳትልኪያት። ግን ለትምህርት ቤት ጉዞ ተብሎ የተሰራ የተማሪዎች የጋራ ዝርዝር አለ፣ ከ1994 እ.ኤ.አ. በወጣ የአውሮፓ ህብረት ውሳኔ የሚሰራ፣ እዛ ሽዩለርዛመልሊስተ ነው የሚሉት። ትምህርት ቤቱ ስሟን ይሞላል፣ የራሷ ፎቶ ያለው መታወቂያ ከሌላት ፎቶዋ ይለጠፍበታል፣ ከዛ የውጭ ዜጎች ቢሮው ስትመለስ እንደሚቀበላት አረጋግጦ ያጸድቀዋል። ዋናው ይሄ የቢሮው ማረጋገጫ ነው፣ ያለሱ ዝርዝሩ ተራ ወረቀት ነው። ቀጠሮ እንደሚዘገይ ታውቂያለሽ፣ ነገ ጠዋት ትምህርት ቤት ሂጂና የዝርዝሩን ስም ጽፈሽ ለመምህሯ ስጫት። የምትሄደው ከመምህሯ ጋር ሆና ነው፣ ተነጥላ ዘመድ ጋ ላድር ማለት የለም።

ጥያቄ፦ ዱባይ ነው የማስተምረው፣ ፓስፖርቴ የኢትዮጵያ ነው። ተማሪዎች ይዘን በፍራንክፈርት ትራንዚት አድርገን ደቡብ አሜሪካ ልንሄድ ነው፣ የምንሄድበትን ሃገር ቪዛ አውጥቻለሁ፣ ከኤርፖርት ስለማልወጣ ሌላ ምንም አያስፈልገኝም አይደል?

መልስ፦ ያስፈልግሃል! በሼንገን ኤርፖርቶች ውስጥ አውሮፕላን ለመቀየር ብቻ እንኳን የትራንዚት ቪዛ የሚጠየቁ 12 ሃገራት አሉ፣ ኢትዮጵያም ኤርትራም እዛ ውስጥ ነን። የአሜሪካ፣ የካናዳ ወይ የጃፓን ቪዛ ቢኖርህ ነጻ ትሆን ነበር፣ የኤምሬትስ መኖሪያ ግን አያድንህም። ይሄን የሚነግሩህ ደሞ ብዙ ጊዜ ቼክ ኢን ላይ ነው፣ ልጆቹ ቦርዲንግ ካርድ ይዘው እያዩህ። ቲኬቱ ካልተቆረጠ በሼንገን የማያልፍ በረራ አስመርጥ፣ ከተቆረጠ ዛሬውኑ የጀርመን ቆንስላ ቀጠሮ ያዝ፣ ለማንኛውም ደሞ አብሮህ የሚሄደው ሁለተኛ መምህር ያለ አንተ ልጆቹን ይዞ መጓዝ እንዲችል የወላጆች ፈቃድ ላይ የሁለታችሁም ስም ይግባ።