ጓሮና ሳሎን፦ የአንባቢያን ጥያቄ፣ ኦርኪድና የበጋ አየር

ጥያቄ፦ ልጄ ከአዲስ አበባ ነጭ ኦርኪድ አምጥታልኝ ሳሎን አስቀመጥኳት። መስከረም ላይ ደህና ነበረች። ህዳር ሲገባ እምቡጦቿ ሳይፈነዱ ቢጫ እየሆኑ መርገፍ ጀመሩ፣ ቅጠሏም ተጨማደደ። ጎረቤቴ «እርጥበት አጥታ ነው» ብለውኝ ጠዋት ማታ ውሃ እረጫታለሁ፣ ማሰሮውንም በየቀኑ አጠጣለሁ። ባሰባት እንጂ አልተሻላትም። ሳሎናችን ቡና የማይጠፋበት፣ እንግዳ የሚበዛበት ነው። ምን ላድርግ? (ከደሴ)

መልስ፦ እትዬ፣ ጎረቤትዎ ግማሹን አግኝተውታል። አየሩ ደርቋል። ግን ማሰሮውን በየቀኑ ማጠጣት የአየር ድርቀትን አይፈታም። ሥሯ ውሃ ውስጥ ተነክሮ እየበሰበሰ ቅጠሏ በጥማት ሊጨማደድ ይችላል፣ እርስዎ ቤት የሆነውም ይህ ይመስለኛል።

ሱቅ የሚሸጡት ኦርኪዶች አብዛኞቹ ፋላኖፕሲስ የሚባለው ዓይነት ናቸው፤ ቅጠላቸው ሰፊ፣ አበባቸው ቢራቢሮ የሚመስል። የዘር አገራቸው ሞቃታማው የእስያ ደን ነው። እዚያ አፈር ላይ አይበቅሉም፣ የዛፍ ግንድ ላይ ተጣብቀው ነው የሚኖሩት። ሥራቸው አየር ላይ ተንጠልጥሎ ዝናብ ሲመጣ ይጠጣል፣ ከዚያ ነፋሱ ያደርቀዋል። አየሩ ግን ሁሌም እርጥብ ነው። ስለዚህ የሚፈልጉት ሥሩ እየጠጣ የሚደርቅበት፣ ዙሪያው ያለው አየር ግን ከ50 እስከ 70 በመቶ እርጥበት የያዘበት ቦታ ነው። 40 በመቶ ላይም ይኖራሉ። ከዚያ ወርዶ ሲሰነብት ነው ፊታቸው የሚጠቁረው።

ደሴ ደግሞ የራሷ ጠባይ አላት። ከባህር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ የተቀመጠች ከተማ ናት። ሐምሌና ነሐሴ ጉሙ በር ከፍቶ የሚገባ ስለሚመስል ስለ እርጥበት የሚያስብ የለም። ጣጣው በጋው ነው። የህዳርና የታህሳስ ጠዋት ቀዝቃዛ ነው፣ ቀኑን ግን ፀሐይዋ በመስኮት ገብታ ሳሎኑን ታሞቀዋለች። አየር ሲሞቅ ተጨማሪ ውሃ የመያዝ አቅም ያገኛል፣ ስለዚህ ያው የነበረው እርጥበት ያንሰዋል። በቁጥር ልንገርዎ፦ 10 ዲግሪ ላይ 80 በመቶ እርጥበት የነበረው አየር ምንም ሳይጨመርበትና ሳይቀነስበት እስከ 20 ዲግሪ ቢሞቅ ወደ 42 በመቶ ገደማ ይወርዳል። ጠዋት «አየሩ እርጥብ ነው» ያሉት ቤት እኩለ ቀን ላይ ደረቅ የሚሆነው ለዚህ ነው።

አሁን ወደ ቡናው። ይህን ስጽፍ እየፈራሁ ነው፣ ወሎ ውስጥ ቡና ላይ ጣቱን የሚቀስር አምደኛ ብዙ አይቆይም። ግን እምቡጥ ሳይፈነዳ የሚረግፈው በድርቀት ብቻ አይደለም። ድንገተኛ ብርድ ያረግፈዋል፣ ከቦታ ቦታ ማዛወር ያረግፈዋል፣ ኤትሊን የሚባል ጋዝም ያረግፈዋል። ይህ ጋዝ ከሚበስል ሙዝ ይወጣል፣ በደንብ ካልነደደ ከሰልና እንጨት ጭስም ይወጣል። አቦል፣ ቶና፣ በረካ እስኪባል ምድጃው አጠገቧ ሲጨስ የሚውል ከሆነ፣ በላዩ ደግሞ እጣን ከተጨመረ፣ እምቡጧ የሚችለው አይደለም። ምድጃው አየሩንም ያሞቀዋል፣ ሙቀቱ ደግሞ ቅድም ያልኩትን ድርቀት ያባብሰዋል። ቡናውን ይተዉ አልልም። ኦርኪዷን ወደ ሌላ ክፍል ይውሰዷት፣ ብርሃን ያለበት፣ ፀሐይ ግን በቀጥታ የማያርፍበት መስኮት አጠገብ። የፍራፍሬ ሰሃኑንም ከአጠገቧ ያርቁ። መስኮቱን ደግሞ ከሰል ሲያያዝ ከፈት ያድርጉት፣ ይሄ ለአበባዋ ሳይሆን ለእናንተ ነው፣ የከሰል ጭስ ሰው ይገድላል።

ቀጥሎ ሥሯን ይዩ። የመጣችበት ማሰሮ የሚያሳይ ፕላስቲክ ከሆነ ነገሩ ቀላል ነው። ጤነኛ ሥር ውሃ ሲያገኝ አረንጓዴ ነው፣ ሲደርቅ ብርማ ግራጫ ይሆናል። ሲነኩት ጠንከር ይላል። ቡናማ ሆኖ ሲጨመቅ የሚፈርስ ከሆነ በስብሷል፤ እሱን በንጹህ መቀስ ቆርጠው ይጣሉና በአዲስ የዛፍ ቅርፊት መልሰው ይትከሏት። የጓሮ አፈር አያስገቡ፣ ሥሩን ያፍነዋል። ከዚህ በኋላ የሚያጠጡት ሥሩ ግራጫ ሲሆን ብቻ ነው፣ አብዛኛውን ጊዜ በሳምንት አንድ ጊዜ ይበቃል፣ ውሃውም ከሥር በደንብ ተንጠፍጥፎ መውጣት አለበት።

ስለ መርጨቱ ብዙ ሰው ስለሚጠይቀኝ ረዘም አድርጌ ልመልስ። በመርጫ የሚረጩት ውሃ የአየሩን እርጥበት ከፍ የሚያደርገው ለጥቂት ደቂቃ ነው፣ ከዚያ ይተንና ያው ነው። ቀኑን ሙሉ አጠገቧ ቆመው ካልረጩ በቀር አይጠቅምም ማለት ይቻላል። ጉዳት ግን አለው። ማታ የተረጨ ውሃ ቅጠሎቹ የሚገናኙበት መሃል ላይ ይጠራቀማል፣ በደሴ ብርድ ሳይደርቅ ያድራል፣ መሃሏ ይበሰብሳል። መሃሏ ከበሰበሰ ደግሞ አዲስ ቅጠል የምታወጣበት ቦታ የላትም። መርጨት ከወደዱ ጠዋት ብቻ ይርጩ፣ መሃል የቀረውን ጠብታ በሶፍት ጠረግ ያድርጉት። የቧንቧ ውሃ ቅጠሉ ላይ ነጭ ምልክት ከተወ በውስጡ ያለው ማዕድን ነው፤ ክረምት ላይ ከቆርቆሮው የሚወርደውን ውሃ ማጠራቀም ለእሷ ከሁሉ ይሻላል። ብቻ የመጀመሪያው ዝናብ ጣራውን አጥቦ ይውረድ።

ታዲያ እርጥበቱ ከየት ይምጣ? ሰፋ ያለ ትሪ ወይም ዝርግ ሰሃን ላይ ጠጠር ይዘርጉ፣ ውሃ ያድርጉበት፣ ውሃው ግን ከጠጠሩ በታች ይሁን። ማሰሮውን ጠጠሩ ላይ ያስቀምጡት፣ ሥሩ ውሃውን እንዳይነካ። ሰው እንደሚያወራለት ተአምር አይሠራም፣ አጠገቧ ያለውን አየር በጥቂት በመቶ ነው ከፍ የሚያደርገው። ከሌሎች ተክሎች ጋር ሰብሰብ አድርገው ሲያስቀምጧት ግን ይበልጥ ይጠቅማል፣ ተክሎቹ በቅጠላቸው የሚተነፍሱት ውሃ እርስ በርስ ያረጥባቸዋል። ቤትዎ ውስጥ በድስትም በባልዲም የተቀመጠ ተክል ካለ ሁሉንም ወደ እሷ ይጥሩ።

አንድ ነገር ልጨምር። ፋላኖፕሲስ ሌሊት ከ15 ዲግሪ በታች ሲሆን አትወድም። የደሴ ታህሳስ ደግሞ ይታወቃል። ማታ ማታ ከመስታወቱ ራቅ ያድርጓት፣ መጋረጃውና መስታወቱ መሃል እንዳትቀር። እውነቱን ለመናገር እዚህ ከተማ ውስጥ ከድርቀት ይልቅ በሌሊት ብርድ የሚሞተው ኦርኪድ ሳይበዛ አይቀርም ባይ ነኝ፣ ስሙን ግን ሁሌ ድርቀት ላይ እንለጥፋለን።

ጥያቄ፦ ሰላም ነው? እኔ ኮምቦልቻ ነኝ። ኦርኪዶቼን በመስታወት በተዘጋ መደርደሪያ ውስጥ አድርጌ እርጥበት የሚተፋ ማሽን ገዛሁላቸው። መለኪያው 90 በመቶ ይላል። አበባዎቹ ላይ ግን ትናንሽ ግራጫ ነጠብጣብ ወጣባቸው። እርጥበት እኮ ይወዳሉ ይባላል!

መልስ፦ ወንድሜ፣ ይወዳሉ፣ ግን ታፍነው አይደለም። ነጠብጣቡ ቦትራይቲስ የሚባል ሻጋታ ሳይሆን አይቀርም፤ እርጥብ፣ ቀዝቀዝ ያለና የማይንቀሳቀስ አየር ሲያገኝ ነው አበባ ላይ የሚነሳው። የተበላሹትን አበባዎች ቆርጠህ አውጣ። መስታወቱን ክፈተው፣ ማሽኑን 60 በመቶ አካባቢ ላይ አቁመው። ትንሽ ፋን ካለህ ወደ ግድግዳ አዙረህ በዝግታ ይዙር፣ ቀጥታ አበባው ላይ እንዳይነፍስ። እርጥበት ከፍ ባለ ቁጥር የአየር እንቅስቃሴም አብሮ ከፍ ማለት አለበት፣ ማሽን የሚሸጥልህ ሰው ይህን አይነግርህም። ኮምቦልቻ ከደሴ ብዙ መቶ ሜትር ዝቅ ያለች ስለሆነች ሌሊቷም ለስለስ ይላል፣ ከእትዬ ይልቅ የአንተ ሥራ ቀላል ነው። ማሽኑ ውስጥ ያለውን ውሃ ደግሞ በየጊዜው ቀይር፣ ዕቃውንም እጠበው።

ስለ መለኪያው ልጠይቅህ፣ ልክ መሆኑን በምን አወቅህ? ርካሾቹ ብዙ ይስታሉ። በጠርሙስ ክዳን ላይ የገበታ ጨው አድርገህ ጠብታ ውሃ ጨምርበት፣ እርጥብ ሊጥ እስኪመስል እንጂ እስኪሟሟ አይደለም። ከመለኪያው ጋር አንድ ላይ አየር በማያስገባ ፌስታል ውስጥ ቋጥረህ አሳድረው። ጠዋት 75 በመቶ ማለት አለበት። 85 ካለህ 10 እየቀነስክ አንብብ።

ጥያቄ፦ መታጠቢያ ቤት እርጥብ ነው ብዬ ኦርኪዴን እዚያ ባስቀምጣትስ? (ከወልድያ)

መልስ፦ መስኮት አለው? ብርሃን የሚገባ ሰፊ መስኮት ካለው ይሁን። የብዙዎቻችን መታጠቢያ ቤት ግን አንዲት ጠባብ ቀዳዳ ናት ያለችው፣ ያለ ብርሃን ደግሞ የፈለገው እርጥበት ቢኖር አታብብም። የሻወሩ እንፋሎትም በሩ ሲከፈት ወዲያው ይሄዳል። ሳሎን ወይም መኝታ ቤት፣ ወደ ምሥራቅ የሚያይ መስኮት አጠገብ፣ ከጠጠሩ ትሪ ጋር አስቀምጫት።