ውጭ ላላችሁ የድሬ ልጆች፦ የምትልኩት ገንዘብ የሚያርፈው ማን ስም ላይ ነው?

አቦ ዛሬ ትንሽ ልቆጣ ነውና ቻሉኝ። ብዙ ዓመት አሜሪካ ኖሬ ድሬ ከተመለስኩ ወዲህ ከውጭ የሚደወልልኝ ስልክ ሁሉ አንድ ዓይነት ነው። "ጠቀም ያለ ገንዘብ መላክ ፈልጌ ነበር፣ በየት በኩል ይሻለኛል?" በየት በኩል እንደሚሻል እነግራችኋለሁ። ማን ስም ላይ እንደሚያርፍ ግን አንድም ሰው ጠይቆኝ አያውቅም። እኔን የሚያንገበግበኝ እሱ ነው።

1. ወረቀት

ይሄ ቀላሉ ነው። ገንዘቡ ከየት እንደመጣ የሚያሳይ ማስረጃ ያዙ፤ የደመወዝ ወረቀት፣ የቤት ሽያጭ ውል፣ የብድር ውል፣ ያላችሁን። ባንኩ ሲጠይቃችሁ ፊታችሁን አትቋጥሩ፣ ሥራው ነው። አሜሪካ ያላችሁ ደግሞ ከአሜሪካ ውጭ ያላችሁ አካውንት ሁሉ ተደምሮ በዓመቱ ውስጥ አንድ ቀን እንኳ ከ10,000 ዶላር ካለፈ ለመንግሥት ማሳወቅ ግዴታችሁ ነው። ማሳወቁ በራሱ ግብር አያስከፍልም። የሚያስቀጣው አለማሳወቁ ነው። ጥሬ ገንዘብ ባንክ ስታስገቡ ሪፖርት እንዳይደረግ ብላችሁ ከ10,000 በታች እየቆራረጣችሁ ማስገባትም እዚያ አገር ራሱን የቻለ ወንጀል ነው። ገንዘቡ በላባችሁ የመጣ ቢሆንም ያው ነው። ብልጥ ነኝ ባይ ሁሉ ይሄንን ይስማ።

2. ከባንክ ወደ ባንክ

ፎርሙ ላይ አይባን (ብዙ አገር የሚሠራበት ረጅሙ ዓለም አቀፍ የአካውንት ቁጥር) ሲጠይቃችሁ አትደናገጡ፤ ኢትዮጵያ አይባን አትጠቀምም። የሚያስፈልጋችሁ ስዊፍት ኮድ የሚባለው የባንኩ መለያ፣ የአካውንት ቁጥርና የተቀባዩ ሙሉ ስም ነው። መሀል ላይ ያለ አገናኝ ባንክ ከላካችሁት ላይ ቆርጦ ሊያስቀር ስለሚችል፣ ወጪውን ላኪው ይሸፍናል የሚለውን ምረጡ። መጀመሪያ ትንሽ ላኩና መድረሱን አረጋግጡ፤ ከዚያ ትልቁን።

የእኛን ሰው የሚያስቸግረው ስም ነው። ድሬ ግማሹ ሰው መሐመድ ነው። ፓስፖርቱ ላይ በሁለት ኤም፣ ባንኩ ጋ በአንድ ኤም፣ ግሪን ካርዱ ላይ ሌላ። በዚያ ላይ ፈረንጅ የአያታችንን ስም የቤተሰብ ስም ያደርገዋል። ስሙ ካልገጠመ ገንዘቡ ይመለሳል፣ ወይ መሀል ላይ ቆሞ "ይህ ሰው ማን ነው?" ይባላል። የሙስሊም ስም ከሆነ ደግሞ ከማዕቀብ ዝርዝር ጋር ሲያመሳክሩት ስመ ሞክሼ ይወጣና የባሰ ይጓተታል። ልክ ነው እያልኩ አይደለም፤ ያናድዳል። ግን የፓስፖርት ኮፒ አዘጋጅታችሁ ጠብቁ፤ ባንኩ ያለውንም ስም ፊደል በፊደል ጠይቃችሁ እንደዚያው ጻፉ።

3. ጥቁር ገበያ

አውቃለሁ፣ አውቃለሁ። "ባንክ ያከስራል" ልትሉኝ ነው። ብሩ በገበያ ይወሰን ከመባሉ በፊት፣ ከሐምሌ 2016 በፊት ማለቴ ነው፣ ባንክ ዶላሩን በ57 ብር ገደማ ሲመነዝር ጥቁር ገበያው ላይ እጥፍ ገደማ ነበር። ያኔ የላከውን ሰው ለመውቀስ አፌን አይዳዳኝም። አሁን ልዩነቱ አንዴ ይጠባል፣ አንዴ ይሰፋል። ለእናት ወጪ በሚላከው ትንሽ ገንዘብ ከማንም ጋር አልጨቃጨቅም። የቤት ገንዘብ ግን ሌላ ነው! ዶላሩን እዚያ ለማታውቁት ሰው ትሰጣላችሁ፤ እዚህ ደግሞ ከማታውቋቸው ሰዎች እየተቆራረጠ ብር ይገባል። ሕገወጥ ነው፣ አካውንቱም ሊታገድ ይችላል። ነገ ቤቱን ሸጣችሁ ገንዘቡን መልሳችሁ ማውጣት ብትፈልጉ፣ የውጭ ምንዛሪ አስገብቻለሁ የምትሉበት አንዲት ወረቀት የላችሁም። በፈረንጆች ከጥር 2026 ጀምሮ ደግሞ አሜሪካ ላኪው በጥሬ ገንዘብ በሚከፍለው የሐዋላ ዝውውር ላይ 1 በመቶ ግብር ጥላለች። ከባንክ አካውንት የሚላከውን አይነካውም።

4. ማን ስም ላይ?

እዚህ ጋ ቁጭ በሉ። ከባንክ ወደ ባንክ የተላከ ገንዘብ ቢዘገይም፣ ቢመለስም፣ መከታተያ ቁጥር አለው። እኔ ያየሁት ገንዘብ ሁሉ የጠፋው በሰላም ድሬ ከገባ በኋላ ነው።

የአክስቴ ልጅ አውሮፓ ሌሊት ሌሊት እየሠራ ያጠራቀማትን ሙልጭ አድርጎ በእህቱ አካውንት ላከ። ሳቢያን ላይ ፎቅ ሊሠራ። ቦታውም የተገዛው በእሷው ስም ነው። እህትየዋ ሌባ አይደለችም፤ ይሄንን ያዙልኝ። ግን ብር አካውንቷ ውስጥ እንዳለ ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። የጎረቤት ልጅ ታመመ፣ ሰጠች። ሠርግ መጣ፣ ሰጠች። ባሏ እዚሁ ድሬ ታይዋን ገበያ ያለችውን ሱቁን ዕቃ ሊሞላ "ለአንድ ወር ብቻ" አላት፣ ሰጠች። እናንተ ብትሆኑ ለስንቱ እምቢ ትላላችሁ? የቀረው ገንዘብ በብር ተቀምጦ ሳለ ዶላሩ በሳምንታት ውስጥ 100 ብርን ተሻገረ፣ ብረትና ሲሚንቶም ተከትሎት ወጣ። ዛሬ ሄዳችሁ ብታዩት ኮለኑ ቆሟል፣ ፌሮው አናቱ ላይ ዝጎ ተንጨፋሯል፣ የዘበኛው ቆርቆሮ ቤት ብቻ ናት ሰው የሚገባባት።

ይሄም አልበቃም። ባልና ሚስት ተጣልተው ፍርድ ቤት ሲደርሱ ባልየው ከቦታው ግማሹ ይገባኛል አለ። ሕጉም የሚጀምረው ከእሱ ወገን ነው። ድሬዳዋ የሚሠራበት የ1992ቱ የፌዴራል የቤተሰብ ሕግ፣ ንብረት በአንዳቸው ስም ቢመዘገብም የግል መሆኑ እስካልተረጋገጠ ድረስ የጋራ ነው ብሎ ይገምታል። በሰው አገር በረዶ ላይ የተሠራበት ገንዘብ የአማች የጋራ ንብረት ሆነ! ወንድምየው መጥቶ እህቱ ቤት አልወረደም፤ ከዚራ ሆቴል ያዘ። ሽማግሌ ሆነን ገባን። እኔም ነበርኩበት፣ አልሆነም። አክስቴ ሁለቱ ሳይታረቁ ሞተች። ለቅሶው ድንኳን ውስጥ አንዱ በዚህ ጥግ፣ አንዷ በዚያ ጥግ። ይቆጨኛል፤ ስለዚህ ነው የምጮኸው።

"እህቴን አላምንም ልበል?" ትሉኛላችሁ። እህትህን ስለምትወዳት ነው ወንድሜ ይሄንን ሸክም የማትጭንባት! በስምህ የዲያስፖራ የውጭ ምንዛሪ አካውንት ክፈት፤ ዶላሩ በዶላርነቱ፣ ዩሮው በዩሮነቱ ይቀመጥ። መሠረቱ ሲወጣ የመሠረቱን ያህል መንዝር፣ ኮለን ሲደርስ የኮለኑን፣ ከዚያ የጣሪያውን። ለኮንትራክተሩ ከአንተ አካውንት ወደ እሱ አካውንት ይከፈል፤ እህትህ በመሀል ብር አትቁጠር። ቆማ የምታሠራ ከሆነ ደግሞ የድካሟን በግልጽ ተነጋገሩና በየወሩ ስጣት፤ ያ የእሷ ነው፣ ቢፈልጋት ለሠርግ ታውጣው። ቦታውም ሆነ ቤቱ በስምህ ይሁን። ዜግነት የቀየራችሁም ብትሆኑ፣ በ1994 በወጣው አዋጅ መሠረት የትውልደ ኢትዮጵያ መታወቂያ ካላችሁ የውጭ ዜጋ የማይንቀሳቀስ ንብረት አይኑረው የሚለው የቆየ ክልከላ እናንተን አይነካም። ስንት ሰው ነው ይሄን ሳያውቅ "እኔ ፈረንጅ ሆኛለሁና በእናንተ ስም አድርጉት" የሚለው?

ደግሞ በስልክ "ግንባታው እየሄደ ነው" ስለተባላችሁ ብቻ አትላኩ። ቪዲዮ አስደውሉ። ግቢውን ዞረው ያሳዩዋችሁ። የተገዛው ብረት ስንት ነው፣ ደረሰኙ የታለ? አፈርኩ አትበሉ፤ አፍሮ ዝም ያለውን ብዙ አይቻለሁ።

5. ውክልና

ኤምባሲ ስትሄዱ የተዘጋጀውን ቅጽ ዝም ብላችሁ አትፈርሙ። ቤት ለማሠራት የሚሰጥ ውክልና ላይ "መሸጥ፣ መለወጥ፣ በመያዣ ማስያዝ" የሚል ቃል ምን ይሠራል? በሕጉ ጠቅላላ ውክልና ብቻውን ቤት አያሸጥም፤ የሚያሸጠው ያቺ በግልጽ የተጻፈች ቃል ናት። አሰርዟት። ፈርማችሁ ከሆነም ውክልናውን ሽራችሁ፣ መሻሩን ድሬ ያለው የሰነዶች ማረጋገጫ ቢሮ እንዲያውቀው አድርጉ፤ ለወኪሉ በስልክ መንገር ብቻ አይበቃም።